የቁራው ነጭ ሰደርያ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝና ስሙ።

በጥቁረቱ የሚኮራ ቁራ ለሰርጉ ጥቁር ኮት አሰፋ። ሰፊዋ ሸረሪት ግን ከኮቱ ጋር ነጭ ሰደርያ አመጣችለት።

«ጥቁር የሚያምረው በጥቁር ነው!» አለና ሰደርያውን ለአንዱ ሚዜው ሰጠው።

«ሚዜዎችህም እኮ ቁራዎች ናቸው» አለችው ሸረሪት። አልሰማትም።

ከሙሽራዋ ደጅ ሲደርሱ እንደ ወጉ «አናስገባም» ተብሎ ተጨፈረና በሩ ተከፈተ። ሙሽራውን አይተውት የማያውቁት አማቶች፣ ሁሉም ጥቁር በጥቁር ሆኖባቸው ግራ ተጋቡ፤ ባለ ነጭ ሰደርያውን ሲያዩ ግን እልል ብለው ከሙሽራዋ ጎን አስቀመጡት። ሚዜው ሙሽራዋን ሰረቅ አድርጎ አየና ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ሙሽራው እኮ እኔ ነኝ!» ብሎ ቁራ ጮኸ።

የሙሽራዋ አክስት ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉትና፣ «አይዞህ ልጄ፣ ያንተንም ሰርግ ያሳየን» ብለው መረቁት።