መርዶ የሌለው ለቅሶ

እኛ ሰፈር ሰው ቃል ሲያጣ የምትጠቀስ አንዲት ተረትና ምሳሌ አለች። ሙሽራ ሊመርቅ ተነሥቶ አፉ የተያዘ ሽማግሌ፣ ለእጮኛው ሊጽፍ ወረቀት ሲያበላሽ የዋለ ጎረምሳ፣ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የሚለው የጠፋበት ሰው፣ ሁሉም ይቺን ተረት ይቀምሳታል። ተረቷ የኛ ፈጠራ አይደለችም፤ አገር የሚያውቃት የጥንት ናት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአሮጌው መናኸሪያ ጀርባ ባለው መንደራችን ግን የምትነሣው በአንድ ሰኞ ከሰዓት ምክንያት ነው። እኔም እዚያው ስለነበርኩ፣ ነገሩን ሌላው እየጨማመረ ሳያበላሸው ብነግራችሁ ይሻላል።

መጀመሪያ ልየውን እወቁት። ከልብስ ስፌት ቤቴ ጎን ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ፣ ማመልከቻ የሚተይብ ልጅ ነው። እንጀራው ይኸው ነው፤ ልቡ ያለው ግን ብሎጉ ላይ ነው። ብሎግ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚከፍተው የራሱ የጽሑፍ ገጽ ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ገብቶ ያነበዋል፣ ከሥሩም አስተያየቱን ይጽፍበታል። የልየው ገጽ «የማክሰኞ ወሬ» ይባላል። በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት አንድ የሰፈር ወሬ ይወጣበታል። ችሎት መሐል ገብታ ዳኛውን ስላስነሣችው አህያ ጽፏል። የደንበኛዬን ሱሪ ላሳጥር ብዬ ቁምጣ ያደረግሁበትን ቀንም ጽፏል። ይቅር ብዬዋለሁ፤ አልረሳሁለትም እንጂ።

ነገሩን የጀመረው ይበልጣል ነው። ይበልጣል የልየው አብሮ አደግ፣ የእማማ ታንጉት ብቸኛ ልጅ ነው። በመተማ አድርጎ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያ ሊሄድ የተነሣ ቀን፣ መናኸሪያው በር ላይ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ለልየው፣ «የሰፈሩን ወሬ በየማክሰኞው ጻፍልኝ፤ የትም ልሁን የት፣ ስልክ ካገኘሁ አነባለሁ» አለው። ልየውም ማለለት።

ቃሉንም ጠበቀ። ይበልጣልም ከየደረሰበት እያነበበ ከሥር አንዳንድ ቃል ጣል ያደርግ ነበር። «ሳቅሁ» ይላል። «ይሄን ዋሽተሃል» ይላል። አንዳንዴ «እማዬን ሳምልኝ» ብቻ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ምንም አላለም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም ምንም የለም። እንዲህ እንዳለ ዓመት ሊሞላው ሆነ። ስልኩ አይጠራም፤ አየሁት የሚል ሰውም አልተገኘም።

እማማ ታንጉት የአገሩ ሙሾ አውራጅ ናቸው። እሳቸው ያልቆሙበት ለቅሶ እንደ ለቅሶ አይቆጠርም። የማን አባት ምን እንደሠራ፣ የማን እናት ማንን እንዳሳደገች በግጥም እያነሡ ድንጋዩን ያስለቅሳሉ። ፊደል ግን አልቆጠሩም። ስለዚህ ልየው ማክሰኞ ማክሰኞ ቤታቸው ሄዶ ጽሑፉን ያነብላቸዋል። ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው።

«ምን አለ?»

«ገና ነው፣ እማማ።»

«አንተ ብቻ ጻፍ። ያለበት ሆኖ ያነባል።»

ከዚያ ሌላ ጨዋታ ያነሣሉ። የሰውን ሁሉ ልጅ ሲያለቅሱ የኖሩት ሴት ለራሳቸው ልጅ አንዲት እንባ ሲያፈስሱ ያያቸው የለም። እንዴትስ ያልቅሱ? መርዶ አልመጣም። መርዶ ላልመጣለት ማልቀስ ደግሞ በቁም መቅበር ነው፤ ሟርት ነው። እኛም ደፍረን አጽናንተናቸው አናውቅም፤ ምን ብለን?

የልየው እጅ የተያዘው ይበልጣል ዝም ካለ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ አጠረ፣ ቀጥሎ ለዛው ጠፋ። ስለ ዝናብ መዘግየት ጻፈ፤ ሰው ዝም አለው። መልሶ ስለ ዝናብ መዘግየት ሲጽፍ ግን አንዱ አንባቢ ከሥር፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ዝናብ እኮ ባለፈው ዘንቧል» ብሎ ጻፈበት። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ባዶው ገጽ ላይ ያፈጣል። ያቺ ቀጭን ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ እሱም ዓይኑን ያርገበግባል፤ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ባለጉዳይ ተሰልፎ ይጠብቃል። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «ምን ልጻፍ?» ማለት ጀመረ። ሰውም ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይር ጀመር።

እንዳይተወው ደግሞ እማማ ታንጉት አሉ። አንድ ማክሰኞ ቢዘል የሚረዱት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልየው ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው። ልየው ከቆረጠ እሳቸው በምን ይቆማሉ? ልጁ የተሸከመው ይህን ነበር። እኛ ስንፍና መስሎን ስንቀልድበት ከረምን።

ያን ሰኞ ምሳ ሳልበላ ስፌት ቤቴ ገብቶ ጨርቅ ክምሬ ላይ ተዘረጋ።

«እቴ ብርቄ፣ ምን ልጻፍ?»

«ስለ ዝናብ ጻፍ።»

«ሙች፣ አትቀልጂ።»

«እንግዲያ ስለ ፀሐይ።»

አልሳቀም። ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆይቶ ድንገት ብድግ አለ። «ሙሾ! የእማማን ሙሾ ብጽፍስ? ማንም ጽፎት አያውቅም።»

«ሬሳ በሌለበት ሙሾ? ደኅና ነህ?»

«ግጥሙን ብቻ ነው የምፈልገው» ብሎ ወጣ። እኔም ወሬ አያምልጠኝ ብዬ መርፌዬን ደረቴ ላይ እንደሰካሁ ተከተልኩት።

እማማ ታንጉት በራፋቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ልየው ጉልበታቸውን ስሞ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«እማማ፣ ለነገው ጽሑፍ ሙሾ ፈልጌ ነበር።»

ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ። «ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተ። እንዲሁ ይንገሩኝና ልጻፈው።»

«ሙሾ እንዲሁ አይነገርም፣ ልጄ። ዜማውን ካላወረድኩት ግጥሙ አይመጣልኝም። ሬሳ ሳይኖር ማውረድ ደግሞ ሟርት ነው። ሂድ ሌላ ፈልግ።»

«ፈልጌ አጣሁ። የነገው ባዶ ነው።»

«ባዶ ማለት?»

«የምጽፈው የለኝም፣ እማማ። ምንም።»

እማማ ታንጉት በመናኸሪያው በኩል አሻግረው አዩ። ያሰቡትን ማንም እናት ታውቀዋለች። ነገ ልጃቸው እንደምንም ስልክ አግኝቶ ያን ገጽ ቢከፍትና ባዶ ቢሆንበትስ?

«እንግዲያማ» አሉ በመጨረሻ፣ «ነፍሳቸውን ይማርና የድሮ ጎረቤታችንን አያ እንደሻውን ላልቅስልህ። እሳቸው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ሟርቱ አይደርስባቸው።»

ነገሩ እኔንም ልየውንም ልክ መሰለን። የሰው ልጅ ሟርትን ለማታለል ብልሃት አያጣም። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ልየው ስልኩን አወጣ፣ እሳቸውም ቀስ ብለው ጀመሩ፦

«የጎረቤት ደጀን፣ የሰፈሩ ዋርካ፣
ጥላ እንደነበርክ ዛሬ አወቅን ለካ።»

ልየው ጻፈ። ግጥሙ ያምራል፤ ነገር ግን የትናንት ወጥ ነው፣ አልሞቀም። እሳቸውም አውቀውታል። «እስቲ ከሥሩ ልጀምረው» አሉና ዓይናቸውን ጨፍነው ዜማውን መልሰው ያዙት። ድምፃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የአያ እንደሻው ስም ከአፋቸው ጠፋ።

«እንዳላለቅስልህ ሞተ ያለኝ የለ፣
እንዳልጠብቅህም መንገዱ ዝም አለ።»

የልየው ጣት ስልኩ ላይ ቀረ። እማማ አሁን ተነሥተው ቆመው ደረታቸውን ይመታሉ።

«የሰው ልጅ ቀብሬ ስንቱን አልቅሼለት፣
ለኔ ልጅ ሲሆን ግን አፈር አጣሁለት።»

እንግዲህ ሰፈራችንን እወቁት። ከአልቃሽ ቤት፣ ራሷ አልቃሿ፣ በጠራራ ፀሐይ ሙሾ ስታወርድ ከተሰማ መርዶው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ጎረቤት እጁ ላይ ሊጥ እንደያዘ መጣ። ባለሱቁ ሱቁን ከፍቶ ትቶ መጣ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ደሳለኝ ደግሞ ከመጠየቅ ይልቅ መንፋት ይቀናዋልና እየሮጠ ነፋው። ጡሩምባውን የሰማ የታችኛው መንደር ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሳናስበው ግቢው ሞላ። ሴቶቹ «ወየው ይበልጣል! ወየው ልጄ!» እያሉ ይወድቃሉ፤ ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው በአጥሩ ክፍተት ያስገባሉ። ልየው ከመሐል ቆሞ «የለም! መርዶ የለም!» ቢልም በዚያ ጩኸት ማን ይስማው? እንዲያውም አንዱ ሐዘን የበረታበት መስሎት ወገቡን ይዞ ያጽናናዋል።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፈንታሁን ደረሱ። ዱላቸውን ሲያነሡ ግቢው ጸጥ አለ።

«መርዶውን ማን አመጣው?»

ሁሉም ጎረቤቱን አየ። ደሳለኝ ጡሩምባውን ቀስ አድርጎ ከጀርባው ደበቀ።

«ማን አረዳት ነው የምላችሁ?»

«ማንም አላረዳቸው፣ ጋሽ ፈንታሁን» አለ ልየው። «እኔ ነኝ። ለነገ የምጽፈው አጥቼ... ግጥም ይንገሩኝ ብያቸው ነው።»

ድንኳን የተሸከሙት ሰዎች ድንኳኑን ከነቋሚው ለቀቁት። «ለጽሑፍ ብሎ እናት ያስለቅሳል!» አለ አንዱ። «በቁሙ ቀበረው እኮ!» አለች ሌላዋ። እድሩ ይቅጣው የሚል ተነሣ፣ ከእድሩ በፊት እኔ ልቅጣው የሚልም አልጠፋ። ጋሽ ፈንታሁንም ፊታቸው ጠቁሮ ወደ ልየው ሄዱ። የጭቃ ሹም ልጅ ነኝ የሚሉ፣ ቁጣቸው የሚፈራ ሰው ናቸው።

«ተዉት» አሉ እማማ ታንጉት።

ድምፃቸው ከለቅሶው ብዛት ሰልሏል፤ ቢሆንም ሁሉም ሰማው።

«ልጄን ሞተ አላልኩም። በሕይወት አለም አላልኩም። ሁለቱንም ማለት አቅቶኝ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ከረመ፤ ዛሬ ወጣልኝ። ድንኳኑን አትትከሉ። ግን መጥታችኋልና አትሂዱብኝ፤ ተቀመጡ። ብቻዬን ስጠብቀው ደከመኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር በደንባችን የለም። ለሞተ እንቀመጣለን፣ ለታመመ እንጠይቃለን፤ ለጠፋ ምን እንደሚደረግ አባቶቻችንም አልነገሩን። ጋሽ ፈንታሁን ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ አገሩ ሁሉ ተቀመጠ።

እማማ ታንጉት ወደ ልየው ዞሩ።

«አንተስ? በየማክሰኞው ታነብልኛለህ። ስለ አህያዋ ትጽፋለህ፣ ስለ ዝናቡ ትጽፋለህ። የሱን ስም አንድ ቀን አንሥተህ አታውቅም። እኔ ማንበብ ባልችል መስማት ያቅተኛል?»

ልየው እዚያው ፊታቸው ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ይቀጣ ሲል የነበረው ሰውዬም ፊቱን አዙሮ በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። እኔማ አልነግራችሁም።

ሲወጣለት ተነሥቶ አጥሩ ሥር ሄደና ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። ማንም አልጠራውም። እማማ ታንጉት ስለ ይበልጣል ያወራሉ፣ ሰዉም የሚያውቀውን ይጨምራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፍርሃት ስሙ ተጠራ። ልየው አንገቱን አላቀናም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣና፣ «ማክሰኞ እስኪደርስ አልጠብቅም» ብሎ ቆሞ አነበበልን።

«ይበልጣል፣ ዛሬ ሰፈሩ በሙሉ አንተን ሊያለቅስ ወጥቶ አንተን ሲያወራ ዋለ» ብሎ ይጀምራል። ሁለቱ በልጅነታቸው አንድ ጥንድ የኳስ ጫማ ብቻ እንደነበራቸው፣ ይበልጣል ግራኝ ስለሆነ የግራውን፣ ልየው የቀኙን አድርገው እንደሚጫወቱ ጻፈ። እሱ ከሄደ ወዲህ እናቱ በራፋቸው ላይ መንገዱን የሚያሳየውን ቦታ ለማንም እንደማይለቁ ጻፈ። «ዝም ስትል ለማን እንደምጽፍ ጠፋኝ፤ አንተን ሳላነሣ ልጽፍ ስል ሌላውም ሁሉ ጠፋኝ» ብሎ ጻፈ። ረጅም ነበር። እማማ ታንጉት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙት፤ ሲያልቅ ያን የማክሰኞውን ጥያቄ አልጠየቁም። «ድገመው» ብቻ አሉ፤ ደገመው።

ጡሩምባ ነፊው ደሳለኝ አጠገቤ ተቀምጦ ኖሮ ወደ ጋሽ ፈንታሁን ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ልጅ የምጽፈው አጣሁ፣ ቃል ነጠፈብኝ ሲል አልነበር የከረመው? ይሄን ሁሉ አሁን ከየት አመጣው?»

ጋሽ ፈንታሁን በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «ምነው አንተ» አሉት፣ «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።»