የታሸገው መደርደሪያ

በአንድ ወቅት፣ የሰው ምስክር በጠላ በሚገዛበት፣ ወረቀት ግን በሚታመንበት አገር፣ የመዛግብት ጠባቂዎች አንድ ማኅበር ነበራቸው። ማኅበሩ የአካባቢውን ወረዳዎች ሁሉ ያቀፈ ነው። የአንዱ መዝገብ ቤት ጣሪያ ቢያፈስ ሌሎቹ ቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ወረቀት እንዴት እንደሚያዝ ያስተምሩታል። የማኅበሩ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛ አይጠራጠርም። በዚያ ማኅተም የብዙ ሰው እርሻ ከቀማኛ ድኗል።

ማኅበሩ አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። ድሮ አንድ ጠባቂ የሰው ውል ቀዶ ሸጠና «ምስጥ በላው» ብሎ አመለጠ። ከእሱ ወዲያ፣ ምስጥ የታየበት መደርደሪያ ወዲያው እንዲታሸግ፣ ከሌላ ወረዳ የመጡ ሁለት አባላት ሳይቆሙም እንዳይከፈት ተማማሉ። ሕጉ የተሠራው ለሌባ ነው። ምስጡን ያሰበው ሰው አልነበረም።

አንድ ክረምት ከወንዙ ማዶ ባለው መዝገብ ቤት፣ የቆዩ የፍርድ ፋይሎች በተቀመጡበት መደርደሪያ እግር ላይ የምስጥ አፈር ታየ። ከፋይሎቹ አንዱ የአትጠገብ ነበር። አትጠገብ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። የባሏ ወንድም እርሻዋን «የእኔ ድርሻ ነው» ብሎ ከሷታል። ሁለቱ ወንድማማቾች ድሮ በዚያው መሬት ተካስሰው ለባሏ ተፈርዶ ነበር፤ ፍርዱ ያለው በዚያ ፋይል ውስጥ ነው። ቀጠሮዋ ከመስቀል በኋላ ነው። ፋይሉን ካላቀረበች ከመሬቱ ትነሳለች። ሌላ መሬት የላትም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ምንይችል ይባላል። አፈሩን እንዳየ መደርደሪያውን በጣውላ ዘጋ፣ በሰም አሸገ፣ ሁለት ምስክር እንዲልኩለትም ለማኅበሩ ላከ። ወንዙ ሞልቶ ነበርና ምስክሮቹ መሻገር አልቻሉም። አትጠገብ መጥታ እግሩ ላይ ወደቀች። ከፍቶ ፋይሏን ወደ ሌላ ቦታ እንዲያዛውርላት ለመነችው። ደግፎ አነሳትና፣ «እሜቴ፣ ዛሬ ለእርስዎ ከከፈትኩ ነገ ለባላንጣዎ እከፍታለሁ» አላት። አልዋሻትም። የባሏ ወንድም ቀደም ብሎ ሙክት ይዞ መጥቶ ነበር፤ ምንይችል ከነሙክቱ መልሶታል። በየጠዋቱ የመደርደሪያውን ዙሪያ አመድ ይነሰንስበታል። ምስጡ ግን የሚመጣው በግድግዳው ውስጥ ነበር።

ብርነሽ በዚያው ቤት ከምንይችል ሥር ትሠራለች። አንድ ቀን ጆሮዋን ጣውላው ላይ ብትጥል፣ ከብት ደረቅ ገለባ ሲያመነዥክ የሚመስል ድምፅ ሰማች። ምንይችል ለምሳ ሲወጣ ሰሙን በቢላዋ ቆረጠች። የአትጠገብን ፋይል በነጠላዋ ጠቅልላ ቤቷ ወሰደችው። ገጽ በገጽ በዶሮ ላባ ጠረገችው፣ ፀሐይ ሳይነካውም ጥላ ውስጥ ዘርግታ አደረቀችው። ዳሩ ተበልቶ ነበር፤ ፍርዱ ግን ሙሉ ነው። የቀሩትን ፋይሎች እዚያው ትታ ጣውላውን መልሳ ገጠመችው።

ምንይችል ሲደርስበት አልጮኸም። ካወጣች አይቀር ለምን አንዱን ብቻ እንዳወጣች ጠየቃት።

«መጥታ ያለቀሰችብኝ እሷ ናት» አለች ብርነሽ። «ሌሎቹ አልመጡም።»

«ሌሎቹ እኛን አምነው ነው ያልመጡት።»

መደርደሪያውን እንደገና አሸገው። ፋይሉን ግን ከእጇ አልተቀበለም። ከመዝገብ ቤቱ ወጥቶ ያደረን ወረቀት መልሶ ማስገባት በማኅበሩ ሕግ ከመስረቅ እኩል ነውና።

ወንዙ ጎድሎ ምስክሮቹ ተሻገሩ። አንዱ ተሻለ ነው፤ የማኅበሩን ማኅተም የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ነበር። መደርደሪያው ሲከፈት ፋይሎቹ በረድፍ እንደቆሙ ናቸው፤ ሲነኳቸው አፈር ሆነው ፈሰሱ። የዚያ ቀበሌ የቆየ ፍርድ ሁሉ በመጥረጊያ ተጠርጎ ወጣ።

ችሎቱ ደረሰ። አትጠገብ ብርነሽ የሰጠቻትን ፋይል አቀረበች። የባላንጣዋ ጠበቃ አገላብጦ አየውና፣ «ጌታዬ፣ ይህ ወረቀት ከዶሮ ጋር አድሮ የመጣ ነው፤ ላባው እንኳ አልተራገፈለትም» አለ። ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ወረቀቱ በምስክሮች ፊት ከመደርደሪያው መውጣቱን ማኅበሩ በማኅተሙ ካላረጋገጠ እንደማያዩት ተናገሩ፣ አጭር ቀጠሮም ሰጡ።

ተሻለ ሁለት ነገር አይቷል። አፈሩን አይቷል፤ የአትጠገብንም ፊት አይቷል። ፋይሉን አገላብጦ መረመረ፣ እውነተኛ መሆኑንም አወቀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ «በፊታችን ከመደርደሪያው ወጣ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን አሳረፈበት። ሽማግሌውም ፈርም ባለው ቦታ ፈረመ። ብርነሽ ልታመሰግነው ስትል ከለከላት። «የጻፍኩት ውሸት ነው። የጻፍኩለት ነገር እውነት ነው። ምስጋና የለበትም» አላት። ከአትጠገብ ቤት ጠላ እንኳ አልቀመሰም።

ዳኛው ማኅተሙን አይተው ሌላ አልጠየቁም። መሬቱ ለአትጠገብ ተፈረደ። በጥቅምት ጓያ ዘራችበት።

በጥር የማኅበሩ ጉባኤ ተቀመጠ። ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ መደርደሪያ፣ ስለ አዳዲስ ሠራተኞች ትምህርት ሲወራ ቆይቶ ምንይችል ተነሣ። የሆነውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናገረ፤ ሰሙ እንዴት እንደተቆረጠ፣ ማኅተሙ ምን ላይ እንዳረፈ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ልብሱን ጎተተው።

«ተቀመጥ፣ አንተ ሰው። ሴትዮዋ ዘርታለች።»

«ማኅተሙ የእሷ ብቻ አይደለም» አለና ጨርሶ ተቀመጠ።

ነገር ከጉባኤ ወጥቶ ፍርድ ቤት ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። የባሏ ወንድም ክሱን እንደገና አስከፈተ። በየወረዳው ያሉ ዳኞችም የማኅበሩን ማኅተም መቀበል ተዉ።

ፈንቴ የሚባል የሌላ ወረዳ ገበሬ በዚያ ሰሞን ችሎት ነበረው። የእሱ ወረቀት ምስጥ አልነካውም፣ ከቤቱም አልወጣም፤ ማኅተሙም በሁለት ምስክር ፊት የተመታ ነው። ዳኛው በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «ይህ ማኅተም ሲዋሽ ተይዟል» አሉት። መሬቱ ለከሳሹ ሆነ። ዛሬ ፈንቴ ያንኑ የራሱን መሬት ለወሰደበት ሰው የእኩል ያርሳል። ማንን እንደሚረግም ሲጠይቁት፣ አንድ ቀን የዋሸውን፣ አንድ ቀን ዝም ማለት ያልቻለውን ይላል። አንድ ቀን ደግሞ አንዷን አድና ሌላውን የተወችውን።

በግንቦት ፍርድ ቤቱ ለማኅበሩ ላከ። አንድ ሰው መርጣችሁ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍና ማኅተሙን በእጁ አድርጉ፤ የእሱን ቃል እንቀበላለን፤ መጀመሪያም ስለ አትጠገብ ፋይል ይመልስልናል አለ።

ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ። ምንይችል፣ ብርነሽና ተሻለ ሦስቱም ቁልፉን ፈለጉ።

ምንይችል ሕጉን ብቻውን እንደጠበቀ ተናገረ። አንዱ ከኋላ ሆኖ፣ «ምስጡም አብሮህ ጠበቀ» አለው። ምንይችል ዞሮ አላየውም። እሱ ከተመረጠ እውነቱን ይመልሳል። ማኅተሙ ቀስ በቀስ ይታመናል፤ አትጠገብ ግን ከመሬቷ ትነሳለች።

ብርነሽ ከዚያ ቤት የዳነ ወረቀት ቢኖር እሷ ያዳነችው ብቻ እንደሆነ ተናገረች። «አፈር ለመጠበቅ ነው ቁልፉ የሚያስፈልጋችሁ?» አለቻቸው። አንድ ሽማግሌ የሚቀጥለው ምስጥ ሲመጣ የማንን ፋይል እንደምታስቀድም ጠየቋት። እሷ ከተመረጠች ፋይሉን እንዴት እንዳዳነችው ለዳኛው ትነግራለች፤ ዳኛው ያምኗት ይሆናል፣ ላያምኗትም ይችላሉ። መዝገብ ቤቱ ግን አልቅሶ ለቀደመ ሰው ይሆናል።

ተሻለ የተጻፈ ፍርድ ለባለቤቱ የደረሰው በእሱ እጅ እንደሆነ ተናገረ። ውሸቱን አልካደም። ማኅበሩ የተቋቋመው ለሰሙ ነው ወይስ ለሰው ብሎ ጠየቀ። እሱ ከተመረጠ የጻፈውን ጽፌያለሁ ብሎ ይጸናል፣ አትጠገብም መሬቷን ይዛ ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ግን ማኅተሙ በዋሸው እጅ ነውና እንደ ፈንቴ ያለ ሰው እውነተኛ ወረቀት ይዞ የትም አይደርስም።

ክርክሩ ቀኑን ሙሉ ዋለ። ደጅ ላይ ካለው ድንጋይ አትጠገብና ፈንቴ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም ነበር፤ እዚያው ተዋወቁ። እሷ ከያዘችው ቆሎ ዘግና ሰጠችው፣ እሱም ተቀበለ። ዝናቡ ሊገባ ነው። እሷ የምታርሰው የራሷን ይሁን አይሁን አታውቅም። እሱ የማንን እንደሚያርስ ያውቃል።

መልስ አለኝ የሚል ሰው ወጥቶ ለሁለቱም ፊት ለፊት ይንገራቸው። ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?