ቀበሮ ያመጣችው የዝንብ ቅባት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ረግረጉ ዳር ዝንብ በፈላበት ሰሞን፣ እመት አህያና አያ ጅቦ ጎረቤታሞች ነበሩ። እንዴት ሆኖ አትበሉኝ፤ ብቻ ሆኑ። የአህያዋን ውርንጭላ ተናካሽ ዝንብ ጆሮዋን አቁስሏት፣ ስትወራጭ እየዋለች ጡት መጥባት ተወች። ጎድኗ ይቆጠር ጀመር።

ያን ጊዜ ቀበሮ እመት አህያን ወደምትኖርበት ኮረብታ አስጠርታ፣ በቅል የሞላችውን ቅባት በእሷ ጭና ወረደች። ጸጉሯ ያብረቀርቃል፤ አንዲት ንክሻ የለባትም።

«እዩኝ እስቲ! ይህን ከተቀባሁ ወዲህ ዝንብ ደጄን ረስቶታል» አለች።

አያ ጅቦ አፍንጫውን ቅሉ ውስጥ ከተተ። ማርና ሞራ ሸተተው።

«ኧረ ይሄስ ለመብላትም ይሆናል!» አለና ደብቆት የኖረውን ታፋ ሰጥቶ ሦስት ቅል ወሰደ። ለአህያዋ ደግሞ ቀበሮ የድካሟን ብላ ጥቂት ጠርጋ ሰጠቻት።

እመት አህያ ግን ውርንጭላዋን አልቀባችም። በራሷ አንድ እግር ላይ ቅባቱን፣ በሌላው ላይ አኝካ ያላመችውን የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀባች። ሦስተኛውን እንዲሁ ተወችው።

ጅብ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ሴት፣ አብደሻል? ልጅሽ እያለቀች እግር ታማርጫለሽ?»

«ቁስሏ ላይ የማላውቀውን ብቀባና ቢብስባትስ፣ አያ ጅቦ? ደግሞ እዚያ ኮረብታ ላይ ነፋሱ ጆሮዬን ሊነቅለው ነበር። ዝንብ የት ይቆማል? ቀበሮን ቅባቱን ሳትቀባም እንዲሁ ዝንብ አይነክሳት ይሆናል።»

«እኔ የልጆቼ ነገር አያስችለኝም!» ብሎ ጅብ ልጆቹን ከጆሮ እስከ ጭራ፣ የዓይናቸው ቆብ ሳይቀር ለቀለቃቸው። የተረፈውን ላሰው።

በማግስቱ እመት አህያ እግሮቿን አየች። ቅባት የነካው በዝንብ ጠቁሯል። ያልተቀባው ላይ ጥቂት አርፈዋል። ቅጠሉ ያለበት ላይ አንዷ አርፋ ወዲያው ተነሣች። ቅጠሉን አድቅቃ በውርንጭላዋ ቁስል ዙሪያ አሸችላት። ከሰዓት በኋላ ውርንጭላዋ ረጋ ብላ ጠባች።

ይህን ጊዜ ጅብ ልጆቹን አንጠልጥሎ እያለቀሰ መጣ። ዝንብ ወሯቸው ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል።

እመት አህያ አልሳቀችበትም። «በል ና፣ መጀመሪያ በውሃ እናጥባቸው» አለችው።

«ከዚያስ ቅጠሉን ልለቅልቃቸው?»

«አይሆንም። ለኔ የተስማማኝ ለናንተ መስማማቱን ማን ያውቃል? አንተ እግርህን ዘርጋ።»

ጅብ አንገቱን ደፍቶ እግሩን ዘረጋ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለቤተሰባችን የምንቀባውን ነገር የሻጩን ቆዳ አይተን ከመግዛት ይልቅ መጀመሪያ በራሳችን ገላ፣ በትንሹ መሞከር እንደሚሻል ነው።