የተራገፈው ስልቻ

አንድ ሰው ነበረ። አትነሺ፣ ማስተዋል፤ ትንፋሽሽ እስኪመለስ ሳሩ ላይ ተቀመጪ። በመጨረሻው ዙር እግሬ ለምን እንደ እሳት ነደደ፣ ሰውነቴ ለሩጫ አልተፈጠረም ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጫማሽንም ለእህትሽ እንደምትሰጪ ነግረሽኛል። የምነግርሽ መልሱን ነው።

ሰውየው በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት የሚኖር ዘይት አውጪ ነበረ። ኑጉን ቆልቶ በሙቀጫ ይወቅጣል፤ ሙቅ ውሃ ያፈስበትና የሚንሳፈፈውን ዘይት ይቀዳል። ከአንድ ሙቀጫ የሚያገኘው ሁለት ማንኪያ ብቻ ነበር። አብዛኛው ዘይት በቅሪቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቅሪቱን በስልቻ እየሞላ በልጁ ታንኳ ወደ ማዶ ይልካል። በማዶ በግመል የሚዞር ትልቅ መጭመቂያ አለ፤ ከዚያው ቅሪት ሠላሳ ማንኪያ ያህል ያወጣል። ልጁም ዘይቱንና ባዶውን ስልቻ ይዞ ይመለሳል።

ሰውየው ኩሩና ንጽሕና ወዳድ ነበረ። በግቢው መሬት ላይ አንዲት የኑግ ፍሬ ወድቃ አትታይም።

አንድ ጊዜ ልጁ ማዶ ሳለ ማዕበል ተነሣ። ነፋሱ ቀን ቀን ታንኳ አያስቀዝፍም፤ ጋብ ቢል እንኳ ከመሸ በኋላ ነው፤ የትኛው ሌሊት እንደሚሆን ግን አይታወቅም። ልጁ የሚመለሰው በጨለማ ነውና፣ ወደቡ ላይ ያለው የዘይት መብራት ከጠፋ ታንኳው በመግቢያው ካለው ዓለት ጋር ይላተማል። በቤት የተቀመጠው ዘይት ደግሞ አለቀ። ሰውየው ይወቅጥ ጀመር፤ ሁለት ማንኪያ፣ እንደገና ሁለት ማንኪያ። ብዙም ሳይቆይ ስልቻዎቹ ሁሉ ሞሉ። ሙቀጫውን የሚገለብጥበት አጣ፤ ሙቀጫው ካልተገለበጠ አዲስ ኑግ አይገባም። ዘነዘናውን አስደግፎ ተቀመጠ።

አንዲት ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምነው ጋሼ፣ ዘነዘናው ዝም አለ?»

«ስልቻ የለኝማ።»

«የሞሉትን ይድፏቸዋ!»

«መሬት ላይ? ይህን ያህል ዘይት ያለበትን?»

«እንግዲያው ስልቻዎን ታቅፈው ይቀመጡ። ልጅዎ ሲመጣ ዓለቱ ይቀበለዋል።»

ሰውየው ተነሥቶ አንዱን ስልቻ ግቢው መካከል ዘረገፈው፤ ከዚያም ሌላውን። ባዶዎቹን ስልቻዎች ይዞ ወደ ሙቀጫው ተመለሰ።

ክምሩ እያደር ኮመጠጠ። ሲራመድበትም እግሩን ለበለበው። ለጥቂት ዘይት ብዙ ኑግ ይወቅጥ ስለ ነበር ጎተራው ቶሎ ጎደለ። መብራቱ ግን አልጠፋም።

ነፋሱ ሲያርፍ ልጁ ብርሃኑን እያየ ገባ። አባቱን አቀፈና አፍንጫውን ያዘ።

«አባባ፣ መብራቱ ባይኖር እንኳ ሽታው ይመራኝ ነበር እኮ!»

ክምሩን አፍሰው ታንኳው ላይ ጫኑት፤ በውስጡ የቀረው ዘይትም በማዶ ወጣ።

እንግዲህ፣ ማስተዋል፣ ኑጉ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር፣ ዘይቱም ጉልበት ነው። ሰውየው በጡንቻሽ ያለ አንድ ሕዋስ ነው፤ ታንኳውም የምትተነፍሺው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ሲያንሰው ሕዋሱ ስኳሩን ከፍሎ ጥቂት ጉልበት ያወጣል እንጂ ሥራውን አያቆምም። በውስጡ እንደ ስልቻዎቹ ያሉ ጥቃቅን ተሸካሚዎች አሉ፤ እነርሱ ካልተራገፉ ያችው ጥቂት ጉልበት ትቋረጣለች። ስለዚህ ሸክማቸውን በስኳሩ ቅሪት ላይ ያራግፋል፤ ቅሪቱም ላክቲክ አሲድ ይሆናል። የጠጅ እርሾም በተከደነ ጋን ውስጥ እንዲሁ ያራግፋል፤ የእርሱ ግን አልኮል ነው። አንቺ የተራገፈውን ኋላ ስታርፊ ትሰበስቢዋለሽ።

እግርሽ የነደደው ሰውነትሽ ለሩጫ ስላልተፈጠረ አይደለም። ሕዋስሽ ግቢውን አበላሽቶ መብራቱን ስለ ጠበቀልሽ ነው። ጫማሽን አትፍቺ። ተንፍሺ፤ ታንኳው እየመጣ ነው።