የሙጨ ታንኳና ዘጠኙ ቀን

በጣና ዳር አንድ ሰው ነገሩን ሸፋፍኖ ሲያወራ ሽማግሌዎቹ አይቆጡትም። ዝም ብለው ያዳምጡትና ሲጨርስ ስለ ታንኳ አንዲት ቃል ጣል ያደርጉበታል። ሰውየው አንገቱን ይደፋል፣ የሰማው ሁሉ ይስቃል። እንግዳ የሆነ ግን ታንኳን ከዚህ ወሬ ጋር ምን አገናኘው እያለ ግራ ይገባዋል። ቃሏ እንዲሁ ከአፍ ያመለጠች አይደለችም። ሙጨ የሚባል ጎረምሳ ነው ያመጣት፣ ያውም ሚስት ሊያገባ ደፋ ቀና በሚልበት ሰሞን።

ሙጨ ዓሣ አጥማጅ ነው። መልከ መልካም፣ ሥራ የማይፈራ፣ ብቻ ትዕግሥት የሚሉት ነገር ሲታደል ያልነበረ ልጅ። ከማዶ የግራዝማች አስረስን ልጅ የውብዳርን ገበያ ላይ አይቷት ልቡ ከሄደ ከርሟል። ሽማግሌ ላከ። ግራዝማችም እንደ ወጉ ሁለት ጊዜ በቀጠሮ መለሱና በሦስተኛው፣ "የፊታችን እሑድ ኑ፣ ቁርጡን እነግራችኋለሁ። ልጁም አብሮ ይምጣ፤ በራሱ ታንኳ ይምጣ። ልጄን ከእናቷ ደጅ የሚያሻግራት ምን እንደሆነ በዓይኔ ልየው" አሉ። ክፋቱ፣ ለማክሰኞ ደግሞ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ተቀጥረዋል። ባለ ስድስት በቅሎ ነጋዴ ነው አሉ። እሑድ ካመለጠች የውብዳርም አመለጠች ማለት ነው።

ታዲያ ሮብ ማለዳ ሙጨ መረቡን ሊያነሣ እንደወጣ ጉማሬ ከሥሩ ብቅ አለችና የታንኳውን ጎን ቦደሰችው። እሱ ዋኝቶ ወጣ። ታንኳው ግን እስከ ሐሙስ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አደረ። ጎትቶ ሲያወጣው የሞተ በሬ ያህል ይከብድ ነበር።

አባ አንማውን ጠራቸው። አባ አንማው ደንገሉን ከሐይቁ እያጨዱ፣ በነዶ በነዶ እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ የሸበቱ ሰው ናቸው። ታንኳውን በጉልበታቸው ጫን ሲሉት ከየነዶው ውሃ ተንፎለፎለ።

"ጎኑን መጠገን የግማሽ ቀን ሥራ ነው" አሉ። "ችግሩ ሆዱ ነው፣ ውሃ ጠጥቷል። እሾላው ላይ አስደግፈህ ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ ውሃው ወደ ታች ይውረድለት። ዘጠኝ ቀን።"

"እሑድ ነው የምፈልገው አባ።"

"ዘጠኝ ቀን አልኩህ እንጂ መቼ ትፈልገዋለህ ብዬ መች ጠየቅሁህ።"

"ፀሐዩ እኮ ኃይለኛ ነው።"

"ፀሐይ የሚያደርቀው ጀርባውን ነው። ሆድ የሚደርቀው በነፋስና በቀን ብዛት ነው። ይልቅ ሰው ልከህ እውነቱን ንገራቸው። ቀጠሮ ይለወጣል፤ የሰጠመ ሰው ግን አይለወጥም።"

ሙጨ እሺ አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል። አባ አንማው ዞር እንዳሉ ግን እነዚያ ስድስት በቅሎዎች ዓይኑ ላይ መጡበት። ሰው ልኮ "ታንኳዬ ተሰበረ" ቢል ግራዝማች ምን ሊሉ ነው? ታንኳውን ማቆሙንም ተወውና ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ አጋደመው። ዓርብ ማታ ጀርባውን በጥፍሩ ቢነካው ተንኮሻኮሸ። "ይኸው ደረቀ፤ የሽማግሌ ነገር ዘጠኝ፣ ዘጠኝ" አለ ለራሱ። ቅዳሜ የተቦደሰውን ጎን በደረቅ ደንገል ደፈነና፣ ታንኳውን ከአፍ እስከ ጭራው አዲስ ደንገል አልብሶ በልጥ ጠፍሮ አሰረው። ሲያዩት ዛሬ የተሠራ ይመስላል። እውነት ነው፣ በፊት ሁለት ሰው ይሸከመው የነበረውን አሁን ለአራት ነው ወደ ውሃው ያወረዱት። ሙጨ ይህን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች ተሳፈሩ። አንዱ መሪጌታ ፍሥሐ ናቸው፣ ደልደል ያሉ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ። ሌላው አያ ተድላ፣ የማር እንስራውን እንደ ሕፃን አቅፈዋል። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። መሪጌታ ታንኳውን መታ መታ አድርገው "የተባረክ ነህ፣ አዲስ አሠራህ?" አሉት። ሙጨ ፈገግ ብሎ መቅዘፉን ቀጠለ፤ ፈገግታ ውሸት አይደለም ብሎ ነው።

ከማዶ የግራዝማች ደጅ ሰው ተሰብስቦ ሲታያቸው፣ መሪጌታ መቀመጫቸውን ነካ አደረጉ።

"ልጄ፣ ይኼ ታንኳ እርሷል ልበል?"

"ጤዛ ነው መሪጌታ።"

ትንሽ ሄዱ። ጤዛው ቁርጭምጭሚታቸው ደረሰ።

"ሙጨ፣ ይኼ ታንኳ ውሃ ነክቶት ነበር?"

"ትንሽ ነክቶት ነበር። ግን አድርቄዋለሁ።"

"ስንት ቀን?"

"ዘጠኝ ቀን።"

ውሃው ወጣ ወጣ አለ። አያ ተድላ እንስራውን ወደ ደረታቸው ከፍ አደረጉ።

"ልብ ብለህ ቁጠረው እስቲ" አሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ።

"አምስት ቢሆን ነው።"

ውሃው ጉልበታቸው ደረሰ። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አጥብቀው "ልጄ፣ እኔ ዋና አልችልም" አሉት።

"ሁለት ቀን ነው መሪጌታ" አለ ሙጨ፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። "ጉማሬ ቦድሳው፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጥቼ በላዩ አለበስኩበት። ይማሩኝ።"

ከዳር ሲያዩ የነበሩት በሦስት ታንኳ ደርሰው አወጧቸው። ታንኳውንም ጎተቱት። ማሩ ዳነ። ጥምጥሙ ግን እንኳን ሊድን ከነጭነቱም ወጣ።

ግራዝማች ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የውብዳር ከእናቷ ኋላ ነች። አያ ተድላ የሽማግሌ ነገር ሆኖባቸው "ጉማሬ ነች ግራዝማች፣ መሀል ላይ መጥታ..." ብለው ጀመሩ። መውጫው ይኸው ተገኘ፤ ሙጨ ዝም ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። የውብዳርን ቀና ብሎ አያት፤ እሷም እያየችው ነው። እንዲያ አፍሮ አያውቅም።

"ጉማሬዋ ሮብ ነው የመታችኝ" አለ። "ዛሬ የሰጠመው እኔ ስላላደረቅሁት ነው። ማክሰኞን ፈርቼ ነው።"

ግራዝማች ቢላዋ አወጡና ልጡን በጥሰው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ታንኳው ሆድ ውስጥ ሰደዱት። ጥቁር ውሃ ተንዠቀዠቀ።

"ልጄ እዚህ ላይ ነበር የምትቀመጠው" አሉ።

በመጨረሻ፣ "ሁለቱንም አስጡልኝ" አሉ። "ታንኳውን ዋርካው ላይ አቁሙት፤ ልጁም እዚሁ ከእረኞቼ ጋር ይደር። ዘጠኝ ቀን። የማክሰኞዎቹን ቆዩ እላቸዋለሁ። በአሥረኛው ቀን እኔው ተሳፍሬ አየዋለሁ፤ ከዳነ ልጄን ይወስዳል።" የውብዳር ደረቅ ጋቢ ይዛ መጣች። ለመሪጌታ ሰጠች፣ ለአያ ተድላ ሰጠች፣ ሦስተኛውን ማንም ሳያዛት ሙጨ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ገባች።

በአሥረኛው ቀን ታንኳው እንደ ገለባ ቀሎ ውሃው ላይ ተቀመጠ። ግራዝማች ተሳፈሩ። መሪጌታም አዲስ ጥምጥም ጠምጥመው መጡና ከመሳፈራቸው በፊት ጎንበስ ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እጃቸውን በነዶዎቹ መካከል እስከ ክርናቸው አስገብተው አወጡት፤ ገልብጠው አዩት፣ አሸተቱትም።

"እርስዎ አሁንም አላመኑኝም እንዴ መሪጌታ?" አለ ሙጨ።

"አንተንማ አምኜሃለሁ ልጄ" አሉ መሪጌታ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው እየተሳፈሩ፤ "ግን ሆዱ ያልደረቀ ታንኳ፣ ባሕር መሀል ይናዘዛል።"