የጓንጉል እጀ ጠባብና የአንጓች ጥለት

በድሮ ዘመን፣ ሰው ሁሉ ልብሱን እቤቱ በመርፌ በሚያስተካክልበት ጊዜ፣ ጓንጉል የሚባል ሆዳም ሰውና አንጓች የምትባል ባለሙያ ሚስቱ ነበሩ። ሆዳም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሰበበኛም ነው። ቀረብ በሉ ልጆች። ይህን ሰውዬ ባነሣሁት ቁጥር ስለምናደድ ሁለተኛ አልደግምላችሁም።

አንጓች አዲስ ቀሚስ ከለበሰች ሰባት ዓመቷ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጥጥ ፈተለች፣ ሸማኔውም ጫፉ ላይ ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ጨርቅ ሠራላት። ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትለካው ልክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደረሰ።

"ለፋሲካ ሰፍቼ እለብሰዋለሁ" አለችና አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ዐቢይ ጾም ገባ። ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ ሥጋ የለ። አገሩ ሁሉ ከሳ። ሴቶቹ የባሎቻቸውን ልብስ ጎን ጎኑን እየያዙ ያጠብቡ ጀመር።

የጓንጉል እጀ ጠባብ ግን በቅድስት ሳምንት ጠበበው።

"አንቺ! ምን አድርገሽው ነው? ብብቴን ያዘኝ እኮ!"

"እኔ ምን አደረግሁት?"

"ስታጥቢው ጨርቁ ተኮማተረ! ጨርቁ ነው!"

"ኤጭ!" አለች አንጓች። በቤቱ ሌላ ጨርቅ አልነበረም። የእሱን ስፌት ተረተረች፣ ከራሷ ጨርቅ አንድ ስንዝር ቆረጠች፣ ለሁለት ሰንጥቃ ግራና ቀኝ ጨመረችለት። የራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ብታየው ባቷ ላይ ቀረ።

ደብረ ዘይት ደረሰ። ጓንጉል እጁን ዘርግቶ እንደ ገና መጣ።

"አሁን ደግሞ ደረቴን ያዘኝ! ክሩን አጥብቀሽ ትስቢያለሽ! የእናቴ ስፌት እንዲህ አልነበረም!"

ይህ አልበቃ ብሎት ለጎረቤት ሁሉ "ሚስቴ መርፌ መያዝ አታውቅም" እያለ አወራ። ሰባት መንደር የሚያውቀውን እጇን! እኔ ብሆን መርፌውን የት እንደምሰካለት አውቅ ነበር።

"ኤጭ!" አለች አንጓች። ተረተረች፣ ከራሷ ቆረጠች፣ ጨመረችለት። የራሷን ትከሻዋ ላይ ብታደርገው ጉልበቷ ላይ ቀረ።

ኒቆዲሞስ ደረሰ። ጓንጉል ሆዱን አስቀድሞ ከበረት መጣ። ጠዋት ጠዋት "በሬዎቹን ልያቸው" ብሎ በረት መሄድ ይወድ ነበር።

"ሆዴን ያዘኝ!"

"አሁንስ ምን ልትል ነው?"

"ሹሮ ነፋኝ!"

"ሹሮውን እኔም በልቻለሁ እኮ! አገሩም በልቷል! አንተ ሰውዬ፣ የፋሲካ ልብሴን እኮ በቁሜ ጨረስከው!"

"በጾም ደግሞ ስለ ጌጥ ይታሰባል እንዴ? ቁረጪዋ!"

"ኤጭ! ኤጭ! ኤጭ!" አለች አንጓች። እጀ ጠባቡን አስወልቃ ቁጭ አለች። ጎኑን ስትተረትር ከስፌቱ እጥፋት ውስጥ አንድ ደረቅ ነገር ዱብ አለ። አነሣችው፣ አሸተተችው። ቋንጣ!

በረት ሄዳ ገለባውን ብትገልጠው የቅበላው ሥጋ ቋንጣ ሆኖ ተደብቋል፤ ግማሹ የለም። ጾሙን ሙሉ ሲቆረጥም ከርሟል ለካ!

ልትጮህበት አፏን ከፈተችና ተወችው። "ቤት ውስጥ ብነግረው አራተኛ ሰበብ ይወልድልኛል" ብላ አሰበች። ከዚያ ከራሷ ጨርቅ ነጩን ሳይሆን ጥለቱን ቆረጠች። ልቧ እያረረ ቆረጠችው። ቀዩን ጥለት ግራና ቀኝ ሰፋችለት። ቋንጣውን ግን በግራ ጎኑ መልሳ ከተተችና ያንን ጎን በአንድ ክር ብቻ ወሰወሰችው፤ ጫፉን በላላ ቋጠሮ ያዘችው።

የፋሲካ ማግስት ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። የሁሉም ልብስ ላልቷል። ጓንጉል መካከል ገብቶ ሁለት እጁን አነሣ።

"እንደ እኔ የጾመ ማን አለ? ሚስቴ ግን ልብሴን አበላሽታ፣ ይኸው፣ ባለ ጥለት ሴት አስመሰለችኝ!"

ሰዉ ሳቀ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ተገኝ "አንጓች፣ ምነው ልጄ?" አሏት።

"አባ፣ ይፍቱኝ፤ መጀመሪያ እሱ ይናገር" አለችና ወደ ባሏ ዞረች። "ይህን ጥለት የሰፋሁልህ መቼ ነው?"

"በኒቆዲሞስ ነዋ! ሹሮ ነፍቶኝ!"

"ከዚያ ወዲህ ስፌቱን የፈታው አለ?"

"ማን ይፈታዋል? ከላዬም አልወረደ!"

አንጓች ክሩን ሳብ አደረገችው። ግራ ጎኑ ትርትር ብሎ ተከፈተና ቋንጣው መምሬ ተገኝ እግር ሥር ወደቀ።

መምሬ ተገኝ ቋንጣውን አዩ፣ ሆዱን አዩ፣ እንደ ገና ቋንጣውን አዩ።

"ጨርቁ... ጨርቁ ነው" አለ ጓንጉል።

"በሃምሳው ቀን ጾም የለም" አሉ መምሬ ተገኝ። "ድንጋይ መሸከም ግን አልተከለከለም። እስከ ጰራቅሊጦስ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ድንጋይ ከወንዙ ታመላልሳለህ።"

አገሩ ቅቤና ሥጋውን ሲበላ ጓንጉል ዳገቱን በድንጋይ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። መጀመሪያ ሆዱ ጎደለ፤ አንጓች ጥለቷን ፈታ ወሰደች። ቀጥሎ ደረቱ ጎደለ፤ ሁለተኛውን ወሰደች። በመጨረሻ ብብቱ ላላ፤ ሦስተኛውን ወሰደች። ቁራጮቹን አጋጥማ ሰፋቻቸውና የጰራቅሊጦስ ዕለት ቀሚሷን ለበሰች። ታች ታቹ ላይ ስፌቱ ይታያል፤ ቀዩ ጥለት ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር።

ልትወጣ ስትል ያ ሰውዬ ምን ቢላት ጥሩ ነው?

"አንጓች፣ እጀ ጠባቤ እኮ ሰፋኝ!"

አንጓች መርፌውን እጁ ላይ አስቀምጣለት ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ስትመለስ ጓንጉል ጣቶቹን ወግቶ ወግቶ ጨርሷል። ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲሰፋ እጀ ጠባቡን ከለበሰው ሱሪ ጋር አያይዞ ሰፍቶት ኖሮ፣ ሊቀበላት ብድግ ሲል ልብሱ ከጉልበቱ ላይ ተንጠለጠለ።

"ጨርቁ ነው?" አለችው።

ጓንጉል ወደ ታች አየ።

"የለም" አለ። "እጄ ነው።"

"እፎይ!" አለች አንጓች፤ ሳቀችና እሱን ለመፍታት ተንበረከከች።

እናንተም የራሳችሁን ጥፋት በሰው እጅ ሥራ ላይ አታሳብቡ። ተረቴ እዚህ ላይ ተቋጠረ፤ እኔ ጥርስ የለኝምና ጥርስ ያለው ክሩን ይበጥስልኝ።