ከአንካሳው ጎን የማን ስም ይጻፍ?

በአንድ ወቅት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጋሽ አምባቸው የሚባሉ ሰው የፕሌስቴሽን ቤት ነበራቸው። ደንበኞቹ ከሁሉ የሚወዱት አንድ የድብድብ ጌም ነው። ጋሽ አምባቸው በጌሙ ውስጥ ያሉትን ተዋጊዎች ስም ከጠንካራው እስከ ደካማው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ ደረጃው በተለወጠ ቁጥር በጨርቅ አጥፍተው እንደገና ይጽፋሉ። ከሁሉ በታች በምርኩዝ የሚዋጋ ሽማግሌ አለ፤ «አንካሳው» ይሉታል።

እንድሪስ የሚባል መካኒክ ግን ከአንካሳው ሌላ አይዝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸነፈ።

«ኧረ ሽማግሌውን ጡረታ አውጣው!» ይሉታል።

«ሳቁ! እኔ እያለሁ ከዚህ ግድግዳ አይጠፋም!»

ጋሽ አምባቸው በሳቅ መሃል ማሉ፦ «አንካሳው አንደኛ የወጣ ቀን፣ ለዚያ ያበቃውን አንድ ሰው ስም ከጎኑ በዘይት ቀለም እጽፋለሁ፤ በሚካኤል!» በቀልድ የመልአክ ስም መጥራት ደግ አይደለም፤ ግን አንዴ ከአፍ ወጣ።

ዘርይሁን ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝም ብሎ ማየት ይወዳል። የእንድሪስን ሽንፈት ሲያይ ሲያይ አንድ ነገር ያዘ። አንካሳው እየወደቀ ሳለ ምት ቢሰነዝር፣ ምርኩዙ የባላጋራውን እግር ይጠልፋል! ሳይደብቅ ለሁሉም አሳየ። አንካሳው ሁለተኛ ወጣ፤ ሁሉም እሱን ካልያዝኩ አለ።

ከዚያ የጌሙ ሠሪዎች ጌሙን አደሱትና ያ ምት ተዳከመ። አንካሳው ተመልሶ ታች ወረደ። ዘርይሁን «በቃ፣ አለቀለት» አለ። እንድሪስ እንኳ ጥሎት ዘንዶው የሚባለውን ተዋጊ ያዘ።

ፋንቱ የጎረቤቱ ጸጉር ቤት ሠራተኛ ናት። «የጣላችሁትን ስጡኝ!» ብላ ተቀመጠች።

«እቱ፣ ይሄ ሹሩባ መሰለሽ?» አላት አንዱ።

ሦስት ወር ተሸነፈች። ያ የተዳከመ ምት የሚሠራበትን ቅጽበት ለቅማ ያዘች፤ አንድ ቅዳሜ ሁሉንም በተራ አሸንፋ ከወንበር አስነሳች፤ እንድሪስን ከነዘንዶው። አንካሳው አንደኛ ተጻፈ።

ጋሽ አምባቸው መሐላቸውን አልረሱም፤ ቀለም ገዙ።

«ማንም ሳይፈልገው ያቆየሁት እኔ ነኝ» አለ እንድሪስ። «እኔ ባልይዘው ዘርይሁን ምኑን ያይ ነበር?»

«ያሸነፈችህ በምን ምት ነው? እኔ ባገኘሁት!» አለ ዘርይሁን።

ፋንቱ ቆጣ አለች። «ሁለታችሁም ጥላችሁታል። የሌላ ስም ከተጻፈ፣ ባለስሙ ነገ እዚች ወንበር ላይ ይጠብቀኝ!»

«ሦስቱንም ይጻፉና ይገላገሉ፣ ጋሼ» አለ አንዱ።

«አንድ ሰው ብዬ ነው የማልኩት። መልአኩን ልሸነግል?»

አማተቡ፤ ብሩሹን ነክረው ወደ ግድግዳው ዘረጉ። እጃቸው እዚያው ቀረ፤ ቀለሙ ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

እስቲ ፈጣሪ በሰጣችሁ ልብ ፍረዱ፦ ስሙ የሚገባው ለማን ነው? ሲሳቅበት ላቆየው፣ ምስጢሩን ላገኘለት፣ ወይስ ከወደቀበት ላነሳችው?